ዳይኖሰር ጭነን ወደ ከሚሴ

ብዙ ሰው ከሚሴን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው ያልፋታል፣ ከደሴ የሚመለሰውም ያልፋታል። ፓፓያ የገዛ እንኳ ቢኖር ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የገዛው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን ሰንብቼባት ስለመጣሁ፣ ለማትሄዱት ልንገራችሁ።

ሥራዬ በፋይበር ግላስ ቅርጽ መሥራት ነው። ሥጋ ቤት በር ላይ የቆመ በሬ ወይም ሆቴል ግቢ ውስጥ አፉን የከፈተ አንበሳ አይታችሁ ከሆነ፣ የእኔ አለዚያም የተፎካካሪዎቼ እጅ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ አንገተ ረጅም የዳይኖሰር አጽም አሠራኝ። ሠርቼ ስጨርስ መጫወቻው ላይ መንገድ መጣበትና ፈረሰ። አጽሙ ኮልፌ እኔ ግቢ ቀረ፤ የጎረቤት ዶሮዎች ዳሌው ውስጥ እንቁላል ይጥሉበት ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘንድ ለሠርግ የመጡ ሐጂ ኡመር የሚባሉ የከሚሴ ሰው በአጥር ላይ አዩት። ሐጂ ዋናው አስፋልት ዳር ሰፊ የአትክልት ቦታ አላቸው። ችግኝ ያፈላሉ፣ ፍራፍሬ ያመርታሉ፣ ከዛፎቹ ሥርም ሰው አረፍ እንዲልበት ወንበር ደርድረዋል። ችግሩ፣ የሚያርፍ ሰው የለም።

"እህቴ፣ ይህን ነገር ከአትክልቱ መሃል ባቆመው፣ የሚያልፈው መኪና አይቆምም ትያለሽ?" አሉኝ።

"ይቆማል እንጂ" አልኳቸው። ዶሮዎቹ አንገሽግሸውኝ ስለነበር ከልቤ ነው ያልኩት።

ሐጂ አገራቸው ከመድረሳቸው በፊት ለተማሪዎችም ለከተማው ትልልቅ ሰዎችም ደዋውለው፣ በመጪው ሐሙስ ኑልኝ ብለው ጠርተው ነበር።

ቅዳሜ

አጽሙን ፈታትተን በአይሱዙ ጫንነው። የጎድን አጥንቶቹን በአሮጌ ፍራሽ ጠቀለልኳቸው። ጭንቅላቱ ግን ከሸራው ሥር አልገባ ስላለ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ተከትሎን የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያየ እንዲሄድ ሆነ።

ሾፌሩ ጌታሁን ይባላል። ጥሩ ሾፌር ነው፤ ወሬ ግን አይወድም። ገና ሳንነሳ፣ "ሰው ምን ጫንክ ቢለኝ ምን ልበል?" አለኝ።

"ዳይኖሰር በል።"

"አልልም" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወጣቱ ጠባቂ ወደ መስኮቱ መጥቶ ምን እንደጫንን ሲጠይቅ፣ ጌታሁን ወደፊት ያያል። ጠባቂው ደግሞ ሲጠይቀው፣ "አጥንት" አለ።

ወዲያው ውረዱ ተባልን።

"የማን አጥንት ነው?" አለ ጠባቂው፣ አሁን ወደ እኔ ዞሮ።

"የዳይኖሰር ነው። የድሮ እንስሳ።"

"መቼ የሞተ ነው?"

"ኧረ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል።"

ጠባቂው ጭንቅላቱን እያየ አሰበ። "ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?"

"እኔ ግቢ" አልኩት። እውነት ነው፤ ማለቴ ግን አልጠቀመኝም። በእጄ የሠራሁት መሆኑን፣ ውስጡ ፋይበርና ብረት ብቻ መሆኑን አንኳኩቼ እስካስረዳው ድረስ ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጡሩምባውን ያቀልጠው ነበር። በመጨረሻ ጠባቂው ራሱ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ "ባዶ ነው" ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ተለቀቅን። ጌታሁን እስከ ጣርማ በር አላናገረኝም።

ያደርነው ደብረ ሲና ነው። ብርዱ የኮልፌን ብርድ እፍኝ የማይሞላ ያስመስለዋል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ሻሽ ያሰሩ ቀልጣፋ ሴት፣ መኪናውን ግቢ እንድናስገባ ከፈቀዱ በኋላ ጭንቅላቱን አዩት። እንዳይመልሱን ፈራሁ። እሳቸው ግን ገቡና ብርድ ልብስ ይዘው ተመለሱ።

"እሱ እንዳይበርደው ሳይሆን፣ ሁለት ቁጥር ያሉት እንግዶች መስኮታቸውን ሲከፍቱ እንዳይደነግጡ ነው" አሉና ፊቱን ሸፈኑት። እኔ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቄ አልቋል ተብያለሁ። ያለቀው በማን ላይ እንደሆነ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እሁድ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ሰው በየመታጠፊያው አንዳንድ ልብስ ያወልቃል። ሹራቤ አርማንያ ላይ ወለቀ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ካልሲዬንም አወለቅኩ። አዲስ አበባ ሙቀት የምንለው ነገር እዚህ የጠዋት ቅዝቃዜ ነው።

ሰንበቴ የገባነው ገበያው ደምቆ ሳለ ነው። መንገዱን ከብት፣ ፍየልና ግመል ሞልቶታል፤ ከቆላ የወጣውና ከደጋ የወረደው አንድ ላይ ይጋፋል። እኛ ሰፈር መንገድ የሚዘጋው በመኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ቢያንስ የጫንከውን አይቶ አይደነብርም። እዚያ ግን ከኋላችን ይመጣ የነበረ አንድ ትልቅ ግመል ጭንቅላቱን ፊት ለፊት ሲያየው ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ ቢጎትተው፣ ቢለምነው፣ አልነቃነቅ አለ። ከግመሉ ኋላ የነበረው ገበያ በሙሉ አብሮ ቆመ።

"ኩን ማሊ?" አለ ባለ ግመሉ ለጓደኛው፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ጓደኛው ጎማው ላይ ወጥቶ ከሸራው ሥር አየና፣ "ላፌ" አለው። አጥንት።

ሰው ከበበን። አንዱ ቀጭኔ ነው አለ። ሌላው ቀጭኔ ጅራቱ እንዲህ አይረዝምም ብሎ ረታው። አንድ ሽማግሌ አንገቱን በክንዳቸው ለኩና፣ "ይህ ውኃ ለመጠጣት ስንት ቀን ነው የሚያጎነብሰው?" ብለው ጠየቁኝ። ተሠርቶ እስኪያልቅ እኔም ያላሰብኩት ጥያቄ ነው።

ባለ ግመሉ በትሕትና መጣ። "እህቴ፣ አይከፋሽና ፊቱን ብትሸፍኚልን። እኛስ እንችለዋለን። ግመሉ ነው ያልቻለው።"

ሸራውን ፈትተን፣ አንዳንዱን አጥንት መሬት አውርደን፣ ጭንቅላቱን ከሥር ሸጎጥነው። ሰዉ ሁሉ አገዘን። ግመሉም አለፈ፤ ሲያልፍ ግን አሁንም በጎን እያየን ነበር። እኛም በጥድፊያ ጭነን ተነሳን።

የጨፋን ሜዳ አቋርጠን ከሚሴ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሐጂ ኡመር ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው አስፋልት ድረስ ወጥተው ጠበቁን። ግቢው በር ላይ ባለቤታቸው እቴ ዘሐራ ቆመዋል። አጠገባቸው ትኩስ የታጨደ ሳር ተቆልሏል፤ በባልዲ ውኃም አለ።

"አካም ጅርቱ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ወደ አይሱዙው አዩ። "ከብቱ የታል?"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለካ ለሚስታቸው የነገሯቸው፣ "ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንስሳ እያስመጣሁ ነው" ብለው ብቻ ነው።

ሰኞ

የአትክልት ቦታውን በጠዋት ብርሃን አየሁት። እኛ ከተማ አትክልት የምንለው ሣርና የተከረከመ አጥር ነው፤ ጠባቂውም አትርገጡ ይላል። እዚህ ግን ማንጎው፣ ዘይቱኑ፣ ሙዙ፣ ሸንኮራው ተያይዞ ይበቅላል። ከበሩ ወዲህ ቡገንቪሊያና ጽጌረዳ ተጠላልፈዋል፣ በማንጎው ላይ ጠምበለል ተጠምጥሞ አብቧል። ከኋላ ቦዩ ዳር፣ ጥላ ባለበት፣ ፈርን የሚባለው አበባ የማያወጣ ቅጠል ተትረፍርፏል። ሁሉንም አንድ በአንድ የተከሉት እቴ ዘሐራ ናቸው። ሐጂ የሠሩት አጥሩን ነው።

አጽሙ የሚቆምበትን ቦታ ግን ሐጂ በኖራ አስምረው ጠበቁኝ። ኖራው በእቴ ዘሐራ የብርቱካን ችግኞች መሃል ነው የሚያልፈው።

እቴ ዘሐራ መስመሩን ከጫፍ ጫፍ ተከትለው ሄዱ። ከዚያ በር ላይ የተዘረገፈውን አጥንት አዩ። "ሂንታኡ" አሉ።

"አይሆንም ነው የሚሉት" አለ ጌታሁን፣ ማንም ትርጉም ሳይጠይቀው።

"ዘሐራ፣ አብሽሪ፣ ሲቆም ያምርብሻል" አሉ ሐጂ።

"ምን ይበላ ነበር?" ብለው እቴ ዘሐራ እኔን ጠየቁኝ።

"ቅጠል ነው፣ እቴ። ሥጋ አይነካም" አልኩ፣ እንዳረጋጋኋቸው መስሎኝ።

"ይኸው። ቅጠል በል እንስሳ አትክልቴ ውስጥ ላስገባ?"

"የሞተ እኮ ነው!" አሉ ሐጂ።

"ቢሞትም አመሉ አይታወቅም። ደግሞ ሙት ከሕያው መሃል ምን ይሠራል? ሰው ጥላ ሥር የሚቀመጠው ልቡ እንዲያርፍ ነው፤ አጥንት እያየ ሊቆጥር አይደለም።" ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ። ወዲያው ግን ብቅ ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቁርስሽ ቀረበ" አሉኝ።

ያን ቀን የበላሁትን መናገር አለብኝ። የማሽላ እንጀራ በእርጎ፣ ቀጥሎ የፍየል ቅቅል፣ ቀጥሎ ፓፓያ ቀረበልኝ። ጠገብኩ ስል እቴ ዘሐራ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። በእጃቸው እያጎረሱኝ ነው ሥራዬን እምቢ ያሉኝ። አዲስ አበባ ሰው ሥራሽን ካልፈለገው ስልክ አያነሳም፤ አንድ ጉርሻ አጉርሶ የከለከለኝ ደንበኛ እስከዚያ ቀን አልገጠመኝም።

ለማንኛውም ብዬ አጥንቱን በተርታ ዘርግቼ ሳይ፣ ከአንገቱ አንድ አከርካሪ የለም። ሰንበቴ ላይ ለግመሉ ብለን ስንጣደፍ ረስተነዋል። ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሰንበቴ ይደውሉ ጀመር። በአንድ ጆሯቸው ስለጠፋው አጥንት ይጠይቃሉ፤ በሌላው ሐሙስ እንመጣለን የሚሉ ሰዎች ይደውሉላቸዋል። ለሁሉም መልሳቸው "አብሽር፣ አለ፣ ይቆማል" ነው። ግን ላብ አጥምቋቸው ነበር።

ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች አስጠርተው ሚስታቸውን እንዲያግባቡላቸው አደረጉ። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ሰሙ፣ አጥንቱንም ዞረው አዩት፣ ዱዓም አደረጉ። በመጨረሻ፣ "አትክልቱ የዘሐራ ነው" ብለው የተሰጣቸውን ፓፓያ ይዘው ሄዱ።

ማክሰኞ

ጠዋት ከአጣዬ የመጣ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ "የአንገት አጥንት የጠፋበት ሰው እዚህ ነው?" አለ። አከርካሪው የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። ለካ ሰንበቴ ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት አግኝታው፣ ምን እንደሆነ ባታውቅም ለመቀመጫ ስለሚመች ገበያው እስኪበተን ስትቀመጥበት ውላ ኖሯል። ሰው መፈለጉን ስትሰማ አጥባ ላከችው። መልእክትም ነበራት፤ ትርፍ ካላችሁ አንዱን ብትልኩልኝ የሚል።

ጫፉ ተላልጦ ስለነበር ማንጎው ሥር ተቀምጬ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ጀመርኩ። ሥራ እንዳልፈታ ነው እንጂ የሚቆም አይመስለኝም ነበር። አጽሙን መልሼ ስጭነው፣ ያ ኬላ፣ ያ ጌታሁን፣ እነዚያ ዶሮዎች ይታዩኛል። ሐጂ ደግሞ ከሌሊቱ ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቷል። ከተማውን ሙሉ ጠርተው ምን ሊያሳዩ ነው?

እቴ ዘሐራ በጎማ ውኃ እያጠጡ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ቀረቡ።

"ልጆች ነበሩት?"

"እንቁላል ይጥላል፣ እቴ። ከእንቁላሉ ነው የሚፈለፈለው።"

"ሱብሃን አላህ። ይሄ ሁሉ ነገር ከእንቁላል።" ውኃውን ወደ ጽጌረዳው አዞሩ። "እንዲህ ያለ ቦታ ነበር የሚኖረው?"

ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ተጠየቅኩ። "ፈርን ነበር። እንደ ጥድ ያሉ ረጃጅም ዛፎችም ነበሩ። ማንጎ የለም፣ ሙዝ የለም። ሣርም አልነበረም። አበባ የሚባል ነገርማ ገና አልተፈጠረም።"

"እንዴት አልተፈጠረም?"

"በእሱ ዘመን አበባ አልነበረም። ማር የሚሠራ ንብም እንደዚሁ።"

እቴ ዘሐራ ውኃውን ዘጉት። በር ላይ የተከመረውን አጥንት ዞር ብለው አዩ።

"ያን የሚያህል አካል ይዞ፣ አንዲት አበባ ሳያይ ሞተ?"

"አዎ።"

"ወይ እኔን" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ረቡዕ

ስነሳ ኖራው ተጠርጓል። እቴ ዘሐራ ከበሩ ወዲህ፣ በቡገንቪሊያውና በጽጌረዳው መሃል ቆመው በዱላ መሬቱን ያሳዩኛል።

"አንዱን እግሩን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ቅርንጫፍ እንዳትቆርጪብኝ።"

መደሰት ሲገባኝ ተከራከርኩ። ሙያ ክፉ ነው። "እቴ፣ ትክክለኛው ቦታው ከኋላ ቦዩ ዳር፣ ፈርኑ ውስጥ ነው። ተማሪ ይመጣል፣ መምህር ይመጣል። አበባ መሃል ካቆምነው ስህተት ነው።"

"ፈርኑን ዕድሜ ልኩን ሲበላ ኖሯል" አሉ። "አሁን እንኳ ይረፍ።"

ሐጂ ከኋላቸው ሆነው፣ ተይ አትናገሪ በሚል በእጃቸው ይማጸኑኛል። ተውኩት።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የመንደሩ ጎልማሶች መጡ፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ቡሎን ያጠብቃል፣ ሦስተኛው በኦሮምኛ ያዝዛል፣ ጌታሁን በአማርኛ ይቃወመዋል። እግሮቹን በቁጥቋጦው መሃል ስናሳልፍ እቴ ዘሐራ እሾሃሙን ቅርንጫፍ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ይይዙልናል። የጎድን አጥንቱ ሲገጠም ጠምበለሉ ወዲያው አንድ ሐረጉን ጣል አደረገበት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሰንበቴ አቧራ ስላለ እሱንም በጎማው አጠቡለት። "ፋይበር ነው፣ ውኃ አያስፈልገውም" ብላቸው፣ "ከመንገድ የመጣ እግሩን ይታጠባል" አሉኝ።

አንገቱ ላይ ግን ተጣላን። ወደ ግቢው ውስጥ እንዲያይ ነበር ያሰብኩት፤ የማንጎው ቅርንጫፍ ያዘው። ቅርንጫፉ እንዲቆረጥ ጠየቅኩ። መልሱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አንገቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ነበረብን፤ የቀረው አቅጣጫ አጥሩ ነው። ሲያልቅ ጭንቅላቱ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ፣ በቡገንቪሊያ ታጅቦ አስፋልቱን ይመለከት ጀመር። እኔ ተበላሸ ብዬ አዘንኩ።

ሐሙስ

ተማሪዎቹ በሰልፍ መጡ። ትልልቆቹ ሰዎችም ወንበር ያዙ። ሐጂ ንግግር በወረቀት አዘጋጅተው ነበር፤ ግን ቢስሚላህ ብለው ሲጀምሩ ከውጭ የመኪና ፍሬን ተሰማ። ቆም ብለው ጠበቁ። እንደገና ሲጀምሩ ሌላ ፍሬን። ሦስተኛው አውቶቡስ ነበር፤ ከደሴ የሚመጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ በኩል ስልኩን ደቅኖ መኪናው ዘመም ብሏል። ጭንቅላቱ ከአጥሩ በላይ አይቷቸው ኖሯል። ሐጂ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ "እንግዲህ ግቡ" አሉ ለሁሉም።

የባዮሎጂ መምህሩ፣ መነጽር ያደረገ ጨዋ ወጣት፣ አጽሙን ዞሮ ካየ በኋላ የፈራሁትን ተናገረ። "ሥራው ግሩም ነው። ግን በዚህ እንስሳ ዘመን አበባ አልነበረም። ጽጌረዳ መሃል መቆሙ ልጆቹን አያሳስትም?"

እኔ አፌን ስከፍት እቴ ዘሐራ ቀደሙኝ።

"የኔ ልጅ፣ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ግን አሁን እንግዳ ነው። እንግዳ ቤትህ ሲመጣ የምታሳየው በእሱ አገር ያለውን ነው ወይስ የሌለውን?"

መምህሩ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ "በዙሪያው ከምታዩዋቸው ተክሎች በእሱ ዘመን የነበረችው የትኛዋ ናት? ፈልጉ" አላቸው። ልጆቹ ግቢውን ሲያስሱ ቆይተው በመጨረሻ ቦዩ ዳር ፈርኑ ጋ ተሰብስበው ጮኹ። እኔና መምህሩ ተያየን። ትምህርቱ ከእኔ ዕቅድ ይልቅ በስህተቱ ገብቷቸዋል።

ዓርብ

እቴ ዘሐራ ስንቅ ብለው ያስጫኑብንን ማንጎና ፓፓያ ላየ፣ ለንግድ የመጣን ይመስለዋል። አይሱዙው ሲመጣ ከነበረው ብዙም አልቀለለም። ተቃቅፈን ተሰነባበትን፤ ሐጂ ደግሞ አመስግነው ሳይጨርሱ፣ ለገቡት ተሳፋሪዎች ወንበር ሊያቀርቡ ሮጡ።

ከግቢው ወጥተን ወደ አስፋልቱ ስንገባ መንገዱ በሚኒባስና በባጃጅ ተዘግቷል። አንድ ትራፊክ ፊሽካውን እየነፋ ያሳልፋል። ጌታሁን፣ ያ የዳይኖሰሩን ስም እንኳ መጥራት ያልፈለገው ሰው፣ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። ስልኩን ሰጠኝ።

"ከጭንቅላቱ ጋር አንሺኝ" አለ።

ትራፊኩ መጣ። "እዚህ መቆም አይቻልም፣ ወደፊት።"

"የእኛ ነው እኮ" አለ ጌታሁን፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ትራፊኩ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። "ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የቆመው ሁሉ የሚለኝ እንደዚያ ነው።"